ሳይጦዝ የታረቀ ተውኔት

ጠብ የሌለበት ታሪክ ታሪክ አይደለም ይላሉ። የሚሉት የሥነ ጽሑፍ መምህራን ናቸው፤ የጋዜጣ አለቆችም ይሉታል። ልዩነቱ መምህራኑ «ግጭቱ የታለ?» ሲሉ አለቆቼ «ዜናው የታለ?» ማለታቸው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በሰላም ውለው በሰላም ገቡ ብዬ ብጽፍ ማንም አያትምልኝም። አንዱ የሌላውን በሬ በድንጋይ ወገቡን አለው ብዬ ብጽፍ ግን የፊት ገጽ ባይሆን የጀርባ ገጽ አላጣም። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በሰው ጠብ ነው። አላፍርበትም። ሐኪምስ በሰው በሽታ ይኖር የለም?

ከጠብ ጋር ይህን ያህል ዘመን ስኖር አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ስሜት አይጠቅምም። ሰው ሲጣላ ሁሉም ተበዳይ ነው። የሁለቱንም ለቅሶ ትታችሁ «ድንጋዩ ቀድሞ የት ነበር? አሁንስ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላችኋል። ድንጋይ አያለቅስም፤ ዘመድም የለውም። ድንጋይን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ትደርሱበታላችሁ።

የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከፍታችሁ «ተውኔት» የሚለውን ምዕራፍ ብታዩ የዳገት ሥዕል ታገኛላችሁ። ከእግሩ ሥር «ትውውቅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወገቡ ላይ «ግጭት»፣ ጫፉ ላይ «ጡዘት»፣ ከወዲያ በኩል ቁልቁለቱ ላይ «ልቀት»። ጠቡ ከሥር ይነሣል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይጦዛል፣ ከዚያ ወዲያ ይፈታል። ያማረ ሥዕል ነው። እኔም ተምሬው፣ ተፈትኜበት፣ አልፌበታለሁ። ነገር ግን ሥዕሉን የሣለው ሰው የላስታዋን ብልባላ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ላስታ ዳገት ሞልቶታል፤ ጠብ ዳገት ሲወጣ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው ግን የለውም። እዚያ ጠብ እንደ ባቄላ እሸት ነው። ደርቆ እስኪወቃ የሚጠብቀው የለም፤ ለጋ ሳለ ተቀንጥሶ ይበላል።

ነገሩ የሆነው መሬት በየቀበሌው እየተለካ ለገበሬው የይዞታ ደብተር በሚታደልበት ዘመን ነው። እኔ ከወልድያ ወደ ብልባላ የሄድኩት ስለ ልኬታው ልጽፍ ነበር። ጽፌም ጨርሼ ነበር። መኪናው ግን ጥሎኝ ወደ ሰቆጣ አለፈ፤ ሲመለስ ይወስድሃል ተባልኩ። መቼ ይመለሳል ብዬ አልጠየቅሁም። የዚያን ጊዜ መኪና ሲመለስ ይመለሳል።

በዚህ መሐል ነው መምህር አስናቀን ያወቅሁት። የብልባላ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነው፤ ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ ባዶ እጁን ሲያወራ እንኳ ጠመኔ የያዘ የሚመስል ሰው። ባለቤቱ ትርንጎ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዳለች። አስናቀ ዓርብ ከትምህርት በኋላ መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግሩ ላሊበላ ይገባል፤ እሑድ ደግሞ ይመለሳል። ልጅቱ አባቷ ሲያቅፋት እንግዳ ሰው የነካት ይመስል ታለቅሳለች። ይህን ያጫወተኝ እንደ ቀልድ ነው። እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁት። የሳቀ ግን አልነበረም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ የወረዳ ኃላፊ መምህራንንና የቀበሌ ሰዎችን ሰብስቦ ትልቅ ንግግር አድርጓል። ድንበር መግፋትን የሚያወግዝ የተውኔት ውድድር ላሊበላ ላይ ይደረጋል፤ ተዋናዮቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይሆናሉ፤ አንደኛ የሚወጣውን ክበብ ያዘጋጀው መምህር ደግሞ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይዛወራል። ቃሉ የተነገረው በአደባባይ ነው፤ ከብልባላ የሄዱ ሽማግሌዎችም ሰምተዋል። ለሌላው መምህር ነገሩ ውድድር ነበር። ለአስናቀ ልጁን ማቀፍ ነበር።

አስናቀ ተቀምጦ «የተገፋው ድንበር» የሚል ባለ አራት ገቢር ተውኔት ጻፈ። በመጀመሪያው ገቢር ስግብግቡ ገበሬ የድንበሩን ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይገፋል። በሁለተኛው ጎረቤቱ ድንጋዩን ያገኝና መነባንብ እያሰማ ያለቅሳል፤ ይራገማል። በሦስተኛው ገፊው ተገፊውን በዱላ መትቶ ይጥለዋል፤ ጡዘት ማለት ይህ ነው። በአራተኛው ሽማግሌዎች መጥተው ያስታርቋቸዋል። ድርሰቱን ሲያነብልኝ በየመሐሉ እያቆመ ያስረዳኝ ነበር፤ «እዚህ ላይ ንግርት አለ»፣ «ይኼ ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ድንጋዩን እንደ ሰው ያናግረዋል»፣ «እዚህ ጋ ተመልካቹ የሚያውቀውን ገፀ ባህርዩ አያውቅም፤ ምጸት ነው»። ዘይቤ ሳይቀር ሁሉም በየቦታው ተተክሏል። ከወረዳ የመጣው መመሪያ ገፊው «ኪራይ ሰብሳቢ» መባል አለበት ስለሚል እሱም ሁለት ቦታ ገብቷል።

ገፊውን እንዲጫወት የተመረጠው ካሳው ነው፤ የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ ትከሻው የበሬ፣ ድምፁ ግን የአዲስ ሙሽራ። ተገፊው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብርሃኑ ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሁለት ስንኝ ከደረደረ ድንኳኑን ሁሉ የሚያስለቅስ ሰው። የሁለቱ መሬት አይዋሰንም፤ መሐላቸው ወንዝ አለ። በዚያ ላይ አበ ልጅ ናቸው፤ ብርሃኑ የካሳውን ልጅ ክርስትና አንሥቷል። በሕይወታቸው አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። ይህን ከሦስተኛ ወገን አጣርቻለሁ።

ለልምምድ ያህል ተውኔቱ መጀመሪያ ብልባላ ላይ እንዲታይ ተወሰነ፤ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲፈታ። አስናቀ ለመቼቱ ተጨንቆ ነበር። መቼት ማለት ነገሩ የሚሆንበት ጊዜና ቦታ ነው፤ ለድንበር ጠብ ደግሞ ማሳ ያስፈልጋል። ስለዚህ መድረኩን የትምህርት ቤቱ ግቢ ጫፍ ላይ አደረገው። ከአጥሩ ወዲያ የአያ ደምሌ ገብስ ሊያሸት ተቃርቦ በነፋስ ይወዛወዛል። አያ ደምሌ የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው የሌሉበት ዕርቅ ዕርቅ አይባልም። በዚያን ቀንም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የካሳውም የብርሃኑም የነፍስ አባት ቄስ ሞላ አሉ። ከወንዝ የመጣ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ መሐል መድረኩ ላይ ተተክሏል።

የመጀመሪያው ገቢር በደንብ ሄደ። ካሳው ድንጋዩን አቅፎ ነቀለና ወደ ወዲያ ገፍቶ ተከለው። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ «አያምርበትም» ስትል ሰማሁ። አስናቀ መጋረጃ ከሆነው አንሶላ ኋላ ሆኖ በደስታ ይቁነጠነጣል። ከዚያ ብርሃኑ ገባ፤ ድንጋዩን አየ፤ ነጠላውን አደገደገ። ፊቱን ወደ ገብሱ አዞረና ያንን የለቅሶ ቤት ድምፁን አወጣው፤

ድንጋይ እግር የለው፣ ብቻውን አይሄድም፤
የገፋህ ሰው ማሳ፣ ገብስ አይበቅልበትም።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ብርሃኑ አልቃሽ ሲያገኝ ማቆም አይችልም፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ ሁለት ሦስት ስንኝ ጨማመረበት፤ በረዶ ጠራ፣ ዋግ ጠራ፣ አንበጣም ጠራ። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ይህ ግነት ይባላል። ካሳው በተራው ገብቶ ዱላውን ሽቅብ አነሣ።

አያ ደምሌ ብድግ አሉ። «በሕግ አምላክ!»

እናንተ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ፤ ሰምቶ የሚነቃነቅ የለም። የካሳው ዱላ አየር ላይ ቀረ። ብርሃኑ ለመውደቅ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ነበር፤ እንደ ሸበረከ ቀረ። አስናቀ ከአንሶላው ኋላ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» እያለ ሲያንሾካሹክ ካሳው ከንፈሩን ብቻ አነቃንቆ «ኧረ በሕግ ተብለናል፣ መምህር» አለው።

አስናቀ መውጣት ግድ ሆነበት። ወጣና ለአያ ደምሌ እጅ ነሥቶ፣ ይህ ተውኔት መሆኑን፣ እውነት አለመሆኑን፣ በአራተኛው ገቢር ሁሉም እንደሚታረቅ አስረዳ። ከአዲስ አበባ የመጣ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ «ገበሬዎቹ ተውኔትን ከእውነት መለየት አልቻሉም» ብሎ ይጽፍና ይስቅ ነበር። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው።

«እናውቃለን እንጂ» አሉ አያ ደምሌ። «ካሳው ድንበር እንደማይገፋ እኛ ካላወቅን ማን ሊያውቅ ነው? አበ ልጅም ናቸው። እኔ የምጠይቅህ፣ ብርሃኑ ሲራገም ፊቱን ወዴት አዙሮ ነው?»

ሁሉም ዞሮ ወደ ገብሱ አየ።

«የረገመው ገፀ ባህርዩን ነው፣ አያ ደምሌ።»

«እሱ ማሳ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ እርግማኑ የት ይረፍ?»

መምህር አስናቀ የተውኔት ቃላትን ሁሉ ያውቃል። ለዚህ የሚሆን ግን አላገኘም። እኔም አሰብኩበት። በአደባባይ፣ በዚያ ድምፅ፣ ካህን ባለበት የተነገረ እርግማን አለ፤ የሚያርፍበት ማሳ የለም፤ በቅርብ ያለው ማሳ የአያ ደምሌ ነው። መረጃውን ካያችሁት ሰውዬው የተሳሳቱበት ቦታ የለም።

ስለዚህ እርግማኑ መነሣት ነበረበት። እርግማን ለማንሣት ደግሞ ረጋሚው መታረቅ አለበት፤ ለመታረቅ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ መድረኩ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ካሳው ለምን ድንጋዩን እንደገፋ ተጠየቀ። ዱላውን አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እውነቱን ተናገረ፤ «አባቶቼ፣ መምህር ግፋው ብሎኝ ነው።» ብርሃኑም ያንን ግጥም ከየት እንዳመጣው ተጠየቀ። እሱም ወደ መምህር አመለከተ፤ በረዶውንና አንበጣውን የጨመረው ራሱ መሆኑን ግን አላነሣም። የሕዝቡ ዓይን ሁሉ አስናቀ ላይ ዐረፈ። ከኋላ አንድ ሰው «ነገር ሠሪው ተገኘ» አለ። ስለ ደራሲ ሥራ ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ያጠረ አላየሁም።

በመጨረሻ ሦስቱም ይቅር ተባባሉ። ካሳውና ብርሃኑ ተቃቀፉ፤ ደራሲው የቄስ ሞላን መስቀል ተሳለመ። ቄስ ሞላም ዕርቁን በግዝት አሰሩት። ካሳው ከእንግዲህ ያን ድንጋይ ወደ ብርሃኑ በኩል ቢገፋ፣ ብርሃኑም ካሳውን ቢረግም ውግዝ እንዲሆኑ ተናገሩ። ሕዝቡ አሜን ብሎ ተበተነ። ያቺ «አያምርበትም» ያለችው ሴትዮ ስታልፍ «ደስ የሚል ድራማ ነው፤ ሳያሰለች አለቀ» አለችኝ። ጻፍኩት።

አሁን የመምህር አስናቀን ነገር አስቡት። ውድድሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። የያዘው ገፊው መግፋት የማይችል፣ ተገፊው መራገም የማይችል ተውኔት ነው። ካሳውን ለመነው፤ «ነፍሴን ነው የምትጠይቀኝ?» አለው። ሌላ ሰው ፈለገ፤ የመጀመሪያው ገፊ በግዝት በታሰረበት ድንጋይ ላይ ሁለተኛ ገፊ ልሁን የሚል አልተገኘም። የቀረው ቄስ ሞላን ማሳመን ብቻ ነበር። አብሬው ሄድኩ፤ መኪናው እንደሆነ አልመጣም።

በመጽሐፉ ሰውን ማሳመኛው መንገድ ሦስት ነው፤ በምክንያት፣ በሥልጣን፣ በስሜት። አስናቀ ሦስቱንም በተራ ሞከራቸው። መጀመሪያ በምክንያት ገባ፤ ተውኔት የሕይወት መስተዋት ነው፣ መስተዋት ደግሞ አይበድልም አለ። ቄስ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስተዋት ግን ያየውን ጠብ ዳገት አያወጣም አሉ። ቀጥሎ በሥልጣን መጣ፤ ወረዳው ያዘዘው ነው አለ። ወረዳው ድንበር ግፉ ብሎ አዟል? ብለው ጠየቁት፤ ተወው። በመጨረሻ ስለ ልጁ አወራ። ሲያቅፋት እንደምታለቅስ ተናገረ። ይኼኛውን ያጠናው አልመሰለኝም።

 ቄስ ሞላ «ተውኔትህ ሲያልቅ ሰዎቹ ምን ይሆናሉ?» አሉት።

«ይታረቃሉ፣ አባታችን።»

«ታርቀዋል እኮ። ምን ጎደለህ?»

«ጡዘቱ ጎደለኝ። ካሳው ብርሃኑን መትቶ የሚጥልበት።»

«እሱ ጎደለኝ ተብሎ ካህን ደጅ ይመጣል?»

እኔ ወደ ውጭ አየሁ። የምስቅ ሰው አይደለሁም። አስናቀ ተነሥቶ ሊሰናበት ሲል ግን ቄስ ሞላ እጁን ያዙት። «ልጅህን ማየትህ ደግ ነው» አሉ። «ግዝቱን አላነሣውም፤ ተነሥቶ ድንበር የሚገፋበት ግዝት ግዝት አይደለም። ነገር ግን እኔ የገዘትኩት ወደ ወንድሙ እንዳይገፋ ነው። ወደ ራሱ መሬት ቢገፋውስ ማን ከለከለው?»

አስናቀ መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። በዚያው ዕለት ተውኔቱን ገለበጠው።

ቅዳሜ ላሊበላ አዳራሽ ገባን። ላሊበላ ድንጋይ ባይቸግርም ድንጋዩ ከብልባላ ድረስ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ካሳው ከዚያ ድንጋይ ሌላ አልነካም ብሎ ነበር፤ ግዝቱን የሚያውቀው በዚያኛው ነዋ። አያ ደምሌና ቄስ ሞላም አብረው መጡ፤ ለገብሱ ሲባል ነገሩን እስከ መጨረሻው መከታተል አለብን አሉ። ትርንጎ ሕፃኗን አዝላ ከኋላ ቆማለች። ከየቀበሌው የመጡት ክበቦች ተራ በተራ አቀረቡ። ሁሉም ይገፋሉ፣ ይራገማሉ፣ ይማታሉ፣ ይታረቃሉ። የሚያስቆማቸው የለም። አዳራሽ ውስጥ ገብስ የለማ። ተመልካቹ ያዛጋል፤ ኃላፊው ከፊት ተቀምጦ ያጨበጭባል።

ከዚያ ብልባላ ቀረበ። ካሳው ዙሪያውን እየሰለለ ገባ። ድንጋዩን ነቀለ። ወደ ራሱ መሬት ይዞት ገባና ተከለው፤ ከራሱ ማሳ ቆርሶ ለብርሃኑ ሰጠ ማለት ነው። ብርሃኑ ገባ። መሬቱ ሰፍቶ አገኘው። በእግዜር ስም፣ ይህን ያደረገብኝ ማነው ብሎ እሪ አለ። መሬት የሰፋለት ሰው መዋጮ ይሰፋበታል፣ ስብሰባ ይበዛበታል፣ ሞዴል ገበሬ ተብሎ እንግዳ ይላክበታል፤ ብርሃኑ ይህን ሁሉ በመነባንብ ደረደረው። መራገም ስለማይችል መረቀ። ካሳውን ከነዘሩ፣ ከነከብቱ፣ መሬቱ እጥፍ ድርብ እንዲሆንለት በቁጣ መረቀው። ካሳው «እኔ ነኝ ወይ የምመረቀው?» ብሎ ዱላ አነሣ። ድንጋዩን ከወዲህና ከወዲያ ይዘው ሁለቱም ወደ ራሳቸው ይጎትቱ ጀመር፤ «መሬቱ ያንተ ነው!» «የለም፣ ያንተ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቱሪስት ሲያስጎበኙ የዋሉ ወጣቶች ከወንበር ወደቁ። ዳኞቹ ዕንባቸውን በነጥብ መስጫው ወረቀት ጠረጉ። ኃላፊው ብቻ ግራ ገብቶት ወደ አስናቀ አዘንብሎ ኪራይ ሰብሳቢው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። አስናቀ እሱም እንዳልለየው ነገረው። ብልባላ ያለ ክርክር አንደኛ ወጣ።

አሁን ትርንጎ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋለች። አስናቀ መድረኩ ላይ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሟል። ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። መጀመሪያ ስለ ልማት አወራ፤ ቀጥሎም ስለ ኪነት። ከዚያ፣ መምህር አስናቀ ያስመዘገቡት ውጤት ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ስለተገኘ ተሞክሮው ከምንጩ እንዳይነቀል እዚያው ብልባላ ሆነው እንዲያስፋፉት ተወስኗል አለ። ጭብጨባው ተጀመረ። የአስናቀን ፊት አየሁ። እኔ ስለ ፊት አልጽፍም፤ እጁን ግን አየሁ። ጠመኔ የያዘ የሚመስለው እጁ ወርዶ ነበር።

«በሕግ አምላክ።»

አያ ደምሌ በዚህ ጊዜ አልጮኹም። ኃላፊውም እዚያው ላስታ፣ የኩልመስክ ልጅ ነው። እግሩን ከመድረኩ ሊያወርድ አንሥቶ ነበር፤ ወደ ነበረበት መለሰው። ጭብጨባው ቆመ።

አያ ደምሌ ወደ መድረኩ ወጥተው፣ ያን ጊዜ በአደባባይ ምን ብለህ ነበር ልጄ? ብለው ጠየቁት። ኃላፊው ያን ያልኩት መምህራኑን ለማነሣሣት ነው አለ። የንግግር ጥበብን ያጠና ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቀስቃሽ ንግግር ይባላል፤ ውል አይደለም።

«ማነሣሣቱማ ሠርቷል፤ ሰውዬው ተነሥቷል» አሉ አያ ደምሌ። «የተነሣውን ሰው መልሰህ ልታስቀምጠው ነው? እኛ አገር ለጨዋታ እንኳ የተነገረ ቃል ማረፊያ ይፈለግለታል። ያንተ ቃል የት ይረፍ?»

ሽማግሌዎቹ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ይህንንም ተመልካቹ ተውኔት መስሎት ነበር፤ ዝም ብሎ ይከታተላል። ከሁሉም የሚሻለው ገቢር ነው ያለም ሰምቻለሁ። ነገሩ ከሥሩ ተጠየቀ። ግምገማ ለምዶ ያደገው ኃላፊ እንዲህ ያለ ግምገማ አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ የሚገመግሙት ሰዎች ማስታወሻ አይዙም፤ የሚረሱትም የለም። በመጨረሻ ታረቁ። መምህር አስናቀ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ ኃላፊውም ምርጥ ተሞክሮውን አያጣም፤ አስናቀ ቅዳሜና እሑድ ብልባላ እየሄደ ክበቡን ያሠራል። ቄስ ሞላ ዕርቁን አሰሩት፤ የታረቁበት ድንጋይ ባለበት ይጽና፣ የነቀነቀው ውግዝ ይሁን አሉ። አዳራሹ አሜን አለ። ኃላፊውም አለ።

አስናቀ ወርዶ ልጁን አቀፋት። አለቀሰች።

ወልድያ ስመለስ ሁሉንም ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ አንብቦ መለሰልኝ፤ ጥግ ላይ «ዜናው የታለ?» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እሸት ሳለ ተበልቷል ብዬ ብጽፍለት አይገባውም። ተውኩት።

ከዓመታት በኋላ ለሌላ ስብሰባ ላሊበላ ሄድኩ። አስናቀ ዛሬም በዚያው መንገድ ይመላለሳል፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። ልጅቱ አድጋለች፤ ቅዳሜ ሲወጣ አትሂድ ብላ ታለቅሳለች አሉኝ። አዳራሹ ታድሷል። ቀለም ተቀብቷል፣ ሴራሚክ ተነጥፏል። ሴራሚኩ ግን መድረኩ መሐል ሲደርስ እየተቆረጠ፣ ድቡልቡሉን ድንጋይ ዞሮ ነው የተነጠፈው። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ዙሪያውን ታዞራለች። ስብሰባ ሲኖር ሰብሳቢው ከድንጋዩ ወዲህ፣ ጸሐፊው ከድንጋዩ ወዲያ ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ይነሣ የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይቀርባል፤ በመርህ ደረጃ ስምምነት ይደረስበታል፤ የሚያነሣው ሰው እስኪመደብ ይቆያል።

እኔ በመረጃ የማምን ሰው ነኝ። ድንጋዩ የወንዝ ድንጋይ ነው። የማንም ድንበር አይደለም፤ ከወዲህም ከወዲያም ማሳ የለውም። ይህን ሁሉ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ፤ ሲተከል ነበርኩ። በዚያ የስብሰባ ቀን የተሰጠኝ ቦታ መድረኩ ላይ ነበር፤ ልቀመጥ ስል የወንበሬ እግር ከድንጋዩ ጋር ተጋጠመ። ድንጋዩን በእግሬ ገፋ ባደርገው ይበቃ ነበር። ማንም አያየኝም ነበር።

የገፋሁት ወንበሩን ነው።